የሊምፍ መንገድ በየሰዉ

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ታማሚ ከምግብ እንዲታቀብ ይነገረዋል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በሚሠራባቸው አንዳንድ ሆስፒታሎች ግን ደረቱ ከመከፈቱ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ለታማሚው የወይራ ዘይት ወይም የወተት ክሬም ይሰጠዋል። ዓላማው እሱን መመገብ አይደለም። ከአንጀት የሚመጠጠው አብዛኛው ስብ እንደ ስኳር በቀጥታ ወደ ደም አይገባም። መጀመሪያ በሊምፍ ሥሮች ይሰበሰባል፤ ከዚያ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ሽቅብ በሚወጣ፣ የደረት ቱቦ በሚባል አንድ ቱቦ ተጉዞ አንገት ሥር ሲደርስ ከደም መልስ ጋር ይቀላቀላል። የቱቦው ግድግዳ ስስ፣ በውስጡ የሚሄደውም ፈሳሽ ውኃ መሳይ ስለሆነ በተከፈተ ደረት ውስጥ በዓይን ማግኘቱ ያስቸግራል። ስብ ሲገባበት ግን ወተት ይመስላል። ሐኪሙ ከታላቁ ደም ቅዳ አጠገብ ነጩን መስመር ካየ መሣሪያው ከየት መራቅ እንዳለበት ያውቃል። የቱቦው አቀማመጥ በሁሉም ሰው አንድ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባላስፈለገ ነበር።

አንድ አይደለም። የሕክምና ተማሪ የሚያጠናው ሥዕል ቱቦው ሆድ ውስጥ ካለች ትንሽ ከረጢት ተነስቶ፣ በደረት ቀኝ ክፍል ወደ ላይ ወጥቶ፣ በአምስተኛው የደረት አከርካሪ አካባቢ ወደ ግራ ተሻግሮ፣ በግራ አንገት ሥር ሁለት ታላላቅ ደም መልሶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ሲፈስ ያሳያል። ርዝመቱ ከ36 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ሥዕል ሳይጓደል የሚገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶ በሚሆኑ ሰዎች ላይ ብቻ እንደሆነ ቱቦውን በምስል የሚመረምሩ ሐኪሞች ጽሑፎች ደጋግመው ይገልጻሉ። በሌሎቹ ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ መሃል ላይ ተከፍሎ መልሶ ይገጥማል፣ ወደ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይበታተናል፤ በጥቂቶች ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል ይፈስሳል። መነሻው የተባለችው ከረጢት ራሷ በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ የለችም፤ በቦታዋ የሥሮች ጥልፍልፍ ይገኛል። በ1915 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ የአስከሬኖችን ቱቦ መርምሮ ለመመደብ ሲሞክር ዘጠኝ ዓይነት አስቀመጠ። እኔ ከዚህ ተነስቼ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው፤ በሊምፍ ሥርዓት ውስጥ ልዩነት ራሱ ደንብ ነው፤ ስለዚህ ሐኪም አማካዩን ሥዕል ተማምኖ ከመቁረጡ በፊት ከፊቱ የተኛውን የዚያን የአንዱን ሰው መንገድ መፈለግ አለበት፤ መፈለግ ካልቻለም ልዩነት መኖሩን አስቀድሞ ቆጥሮ መሥራት አለበት። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የካንሰር ቀዶ ሕክምና ይህን በብዙ ዋጋ ተምሮታል።

አማካዩ ሥዕል ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። ጁላይ 23 ቀን 1622 በሰሜን ጣሊያን የአናቶሚ መምህር የነበረው ጋስፓሬ አሴሊ ለወዳጆቹ ነርቮችንና የድያፍራምን እንቅስቃሴ ሊያሳይ በሕይወት ያለ ውሻ ሆድ ከፈተ። አንጀቱን ገለል ሲያደርገው አንጀቱን በያዘው ስስ ሽፋን ላይ የተዘረጉ ነጫጭ ክሮች አየ። ነርቭ መሰሉት፤ አንዱን ሲወጋው ግን ወተት የሚመስል ፈሳሽ ፈሰሰ። ሌላ ያልበላ ውሻ ሲከፍት ምንም አልታየውም። በኋላ ነው ሥሮቹ ውሻው ከጠገበ ብቻ እንደሚታዩ የተረዳው። ግኝቱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1627 ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ጉበት ይሄዳል ብሎ አምኖ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ በ1651 መንገዱ ወደ ጉበት ሳይሆን በደረት ቱቦ በኩል ወደ አንገት ደም መልስ መሆኑን አሳየ። ከመቶ ሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ የሲዬናው ፓኦሎ ማስካኒ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ባዜቃን፣ ማለትም ሜርኩሪን፣ ወደ አስከሬን የሊምፍ ሥሮች እየሰደደ መላውን የሰው አካል የሚሸፍን ታላቅ የሥዕል መጽሐፍ በ1787 አሳተመ። በሥራው መሠረት የተሠሩት የሰም አካሎች ዛሬም በፍሎረንስና በቪየና ሙዚየሞች ይታያሉ፤ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን የሊምፍ ሥር በውስጡ ፈሳሹን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ በሮች አሉት፤ ባዜቃው ከገባበት ነጥብ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። ስለዚህ የአንድን ሰው ሥርዓት በሙሉ ሞልቶ ማየት የሚቻል አልነበረም፤ እንዲህ ያለ የመላ አካል ሥዕል ከብዙ ሰዎች የተገጣጠመ መሆኑ የግድ ነው። ከአሴሊ ዘመን ጀምሮ የታየው በዚያች ሰዓት የሞላው ብቻ ነበር።

ልዩነቱ ለምን እንዲህ እንደበዛ የሚነግረን ፅንሱ ነው። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ትሠራ የነበረችው ፍሎረንስ ሳቢን ከ1902 ጀምሮ የአሳማ ፅንሶችን በቀለም እየወጋች የሊምፍ ሥሮች ከደም መልስ ግድግዳ እንደሚያቆጠቁጡ ጻፈች። ሌሎች ተመራማሪዎች ሥሮቹ ከአካባቢው ሕዋሳት ራሳቸውን ችለው ይፈጠራሉ እያሉ ተከራከሯት። ክርክሩ ወደ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ዘለቀ፤ በ1999 ፕሮክስ 1 የተባለው ዘረ መል የጎደለው የአይጥ ፅንስ የሊምፍ ሥር ማብቀል እንደማይችል ሲታወቅ የሳቢን ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከደም መልስ ውጭ የሆኑ ሕዋሳትም ድርሻ እንዳላቸው ታይቷል። ለእኛ ጉዳይ ዋናው የደረት ቱቦ አስተዳደግ ነው። በፅንሱ ውስጥ ቱቦው ሲጀመር ግራና ቀኝ ሁለት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኙ ብዙ አግዳሚ ሥሮችም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከታች የቀኙ፣ ከላይ የግራው ይቀራል፤ መሃል ላይ ያለው አንዱ አግዳሚ ሁለቱን ያያይዛል። ቱቦው ደረት መሃል ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው። የክረምት ጎርፍ በሜዳ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ ብዙ ቦይ ይከፍትና ኋላ ውኃው ያዘወተረው ጠልቆ ሌላው እንደሚደርቅ፣ እዚህም መጀመሪያ መንገዱ ብዙ ነው፤ ኋላ ላይ የትኛው እንደሚቀር ግን ከሰው ሰው ይለያያል። ሁለቱም ከቀሩ ድርብ ቱቦ ይሆናል፤ የላይኛው የቀኝ ክፍል ከቀረ ፈሳሹ በቀኝ ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው ጤነኛ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያውቅ ኖሮ ያልፋል፤ የሚታወቀው ቢላ ሲነካው ነው።

አማካዩ ሥዕል እንዴት እንደሚጎዳ በግልጽ ያሳየው የቆዳ ካንሰር ሕክምና ነው። ፓሪስ ያስተምር የነበረው ሳፔ በ1874 ባሳተመው ሥራው የቆዳን የሊምፍ ፍሰት በመስመር ከፍሎ አስቀመጠ፤ አንደኛው መስመር ሰውነትን ግራና ቀኝ ይከፍላል፣ ሁለተኛው በእምብርት ደረጃ ወገብን ይዞራል። ከወገብ በላይ ያለው ቆዳ ወደዚያው ጎን ብብት፣ ከወገብ በታች ያለው ወደዚያው ጎን ብሽሽት ይፈስሳል ተባለ። ለመቶ ዓመት ያህል ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር የወጣበት ሰው ሐኪም የትኛውን ብብት ወይም ብሽሽት እንደሚከፍት የሚወስነው በዚህ ነበር። ኋላ ጨረር አመንጪ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በቁስሉ ዙሪያ ወግቶ ፍሰቱን በጋማ ካሜራ መከተል ሲቻል፣ በተለይ የሲድኒው የሜላኖማ ማዕከል ሐኪሞች ሮጀር ዩረንና ጆን ቶምፕሰን በሺዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ መስመሮቹ በየጊዜው እንደሚጣሱ ታየ። ከጀርባ መሃል ያለ ቆዳ ወደ ሁለቱም ብብቶች ይፈስሳል፤ አንዳንዴ ሽቅብ ወደ አንገት ይሄዳል፤ አንዳንዴም የጀርባን ጡንቻ ሰንጥቆ በአከርካሪው አጠገብ ወዳሉ ጥልቅ ሊምፍ ኖዶች ይገባል። ሊምፍ ኖድ ስል ሲያብጥ ሕዝቡ ንፍፊት የሚለውን፣ ፈሳሹን የሚያጣራውንና በሽታን የሚከላከሉ ሕዋሳት የሚኖሩበትን ክፍል ማለቴ ነው። መስመሩን የተከተለ ሐኪም የአንድን ሰው ጤነኛ ብብት አውጥቶ ካንሰሩ የደረሰበትን ሳይነካ ሊተው ይችል ነበር።

ተመሳሳይ ትምህርት ከወደ ፓራጓይ መጥቷል። ሐኪሙ ራሞን ካባኛስ በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ የወንድ ብልት ካንሰር ሲዛመት መጀመሪያ የሚደርስበት አንድ ሊምፍ ኖድ እንዳለ፣ እሱም ሴንቲኔል ኖድ እንደሚባል፣ ያ ንጹሕ ከሆነ ሌሎቹን ማውጣት እንደማያስፈልግ አስረዳ። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ ስንት ሰው ከከባድ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ችግሩ ኖዱን ብሽሽት ውስጥ በአንድ ቋሚ ነጥብ ላይ መፈለጉ ነው። ሌሎች ሐኪሞች ሲሞክሩት በዚያ ነጥብ ንጹሕ የተባሉ ሰዎች ቆይቶ ካንሰሩ ሲዛመትባቸው ታየ፤ ዘዴውም ተጠላ። በ1992 የካሊፎርኒያው ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቹ ያንኑ ሐሳብ ይዘው አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ። ሰማያዊ ቀለም በሜላኖማው ዙሪያ ወግተው ቀለሙ በዚያ ሰው አካል ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ተከተሉ፤ መጀመሪያ ሰማያዊ የሆነውን ኖድ አወጡ። ከመረመሯቸው 237 የኖድ ስብስቦች በ194ቱ አገኙት። በአምስተርዳም ሐኪሞች ከ1994 ጀምሮ ይህንኑ ወደ ካባኛስ በሽታ መልሰው ሲያመጡት በቋሚ ነጥብ የወደቀው ሐሳብ በተከታይ ቀለም ቆመ። በጡት ካንሰርም በ5,611 ሴቶች ላይ የተሠራውና በ2010 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ኖዱ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ብብትን ሙሉ በሙሉ መጥረግ ዕድሜ እንደማይጨምር አረጋገጠ። እዚህ ላይ ሐሳቡ ከ1977 እስከ 1992 አልተለወጠም፤ የተለወጠው ካርታው ከመጽሐፍ ወደ ታማሚው አካል መምጣቱ ነው። ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ደረት ቱቦ ስንመለስ ደግሞ መንገዱን ማየት በማይቻልበት ጊዜ ምን መደረግ እንዳለበት እናያለን። ለአገራችን ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት መታየቱን ሐኪሞቻችን ከመዘገቡት ቆይቷል፤ ቱቦው ደግሞ የሚያልፈው ከዚሁ ቧንቧ ኋላ ነው። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ከተቆረጠ በቀን ሁለት ሊትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ የሚችለው ፈሳሽ ሳንባ በተቀመጠበት ክፍተት ውስጥ ይጠራቀማል። የሚፈስሰው ስብ፣ ፕሮቲንና በሽታ ተከላካይ ሕዋስ ነው፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ ለልክፈትም ይጋለጣል። በ1948 ላምፕሰን የተባለው ሐኪም ቱቦውን በደረት ውስጥ አስሮ ፍሰቱን ማቆም እንደሚቻል ከማሳየቱ በፊት እንዲህ ካለው ታማሚ ግማሽ ያህሉ ይሞት ነበር። ዛሬ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ቱቦውን ለይቶ በማሰር አይወሰኑም፤ ከድያፍራም ትንሽ ከፍ ብለው በታላቁ ደም ቅዳ፣ በአከርካሪውና አጠገቡ ባለው ደም መልስ መካከል ያለውን ሥጋ ሁሉ አንድ ላይ ያስራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ቱቦ አስሮ ሁለተኛው ቢኖርስ? ይህ ዘዴ ልዩነትን አያይም፤ ግን ልዩነት መኖሩን አምኖ የተሠራ ነው። ትሕትና ወደ እጅ ሥራ ሲለወጥ እንዲህ ይመስላል፤ እኔ ይህን አከብራለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የጡት ካንሰር ታክመው ከዳኑ በኋላ ክንዳቸው የሚያብጥ ሴቶች ጉዳይ ነው። በ2013 ላንሴት ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚለው ብብታቸው ሙሉ በሙሉ ከተጠረገ ሴቶች 19.9 በመቶ፣ የመጀመሪያው ኖድ ብቻ ከወጣላቸው 5.6 በመቶ ያህሉ ክንዳቸው ያብጣል። ቁጥሩን ገልብጦ ማንበብም ያስፈልጋል፤ ብብታቸው ከተጠረገ አምስት ሴቶች አራቱ አያብጡም። ቀዶ ሕክምናው አንድ ሆኖ ውጤቱ ለምን ተለያየ? ውፍረት፣ የጨረር ሕክምናና ተደጋጋሚ ልክፈት ድርሻ እንዳላቸው የታወቀ ነው። ከእነዚህ ሌላ ግን ማስካኒና ሳፔ የገለጹት፣ ዛሬም በሁለቱ ስም የሚጠራ አንድ መንገድ አለ፤ በክንድ ውጫዊ ጎን ወጥቶ፣ በትከሻ ፊት አልፎ፣ ብብትን ሳይነካ ከአንገት ሥር ወዳሉ ኖዶች የሚደርስ። በአንዳንዱ ሰው ከታችኛው ክንድ ጀምሮ የተያያዘ ነው፤ በሌላው አጭር ነው ወይም አይገኝም። መንገዱ ያላት ሴት ብብቷ ሲዘጋ ፈሳሹ መውጫ ያገኛል የሚለው ግምት ምክንያታዊ ነው፤ ዛሬ በቆዳ ሥር በሚወጋ አንጸባራቂ ቀለምና በልዩ ካሜራ ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሊታይም ይችላል። ግምት ስለሆነ እንደ ግምት እይዘዋለሁ። ያም ሆኖ ክንዷ ያበጠባትን ሴት «ዕቃ አንሥተሽ ይሆናል፣ አልተጠነቀቅሽም» እያሉ መውቀስ ከወዲሁ መቆም አለበት፤ ከክንዷ ፈሳሽ የሚያወጣ ሁለተኛ መንገድ ይዛ መወለድ አለመወለዷ የጥንቃቄ ጉዳይ አይደለም።

አንድ የአናቶሚ መምህር ሊቃወመኝ ይችላል። ደም ቅዳውም፣ ነርቩም፣ ኩላሊቱም ይለያያል፤ ተማሪ ደግሞ አንድ ካርታ ሳይዝ ልዩነትን ራሱን ማየት አይችልም ይላል። ሁለተኛው እውነት ነው። ግራውን ማዕዘን የማያውቅ ሰው ቱቦው ቀኝ ሲሆን አይደነግጥም። የምጠይቀው ካርታው እንዲጣል አይደለም፤ በስንት ሰው ላይ እንደሚሠራ ከጎኑ እንዲጻፍበት ነው። ከመጀመሪያው ጋር ግን አልስማማም። ደም ቅዳ ይመታል፣ በጣት ይዳሰሳል፣ ሲቆረጥ ወዲያው ይጮሃል። የሊምፍ ሥር ሲቆረጥ የሚፈስሰው ጠል ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀው ታማሚው ምግብ ከጀመረ በኋላ፣ የክንድ እብጠት ከሆነ ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው። የማይታይና ዘግይቶ የሚያስከፍል ልዩነት ከሚታየው ጋር እኩል ጥንቃቄ አይበቃውም።

ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ፣ «ልዩነት» የምንለው ከፊሉ የመመርመሪያው ጉድለት ነው የሚለው ነው። ባዜቃ ያልሞላው ሥር «የለም» ተብሎ ይጻፋል፤ ያልበላው ውሻ ይህን አስተምሮናል። ትክክል ነው፤ የቱቦው ዓይነቶች ድርሻ ከጥናት ጥናት የሚራራቀውም በከፊል በዚህ ነው። የኖድ ቆጠራም ይህንኑ ያሳያል። በአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 12 ኖድ እንዲመረመር መመሪያዎች ያዝዛሉ፤ ከዚያ ካነሰ ሥራው ይጠረጠራል። ነገር ግን የኖድ ብዛት በዕድሜ፣ በተቆረጠው ክፍልና በሰውየው ተፈጥሮ ይለያያል፤ በዚያ ላይ ስቡን በጣቱ እየዳበሰ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ባለሙያ ትዕግሥት አለ። መመሪያው ሰነፍ ሥራን ስላጋለጠ መቆየት አለበት ባይ ነኝ፤ ሆስፒታልን በዓመት አማካዩ ይመዝንበት፣ በዘጠኝ ኖድ የወጣን አንድ ታማሚ ግን ብቻውን አይፍረድበት። የመመርመሪያው ጉድለት ለክርክሬ መልስ አይሆንም፤ ያልሞላ ሥር እንደሌለ መቆጠሩ ሌላው ሰው ላይ የተሳለውን ሥዕል ለማመን ምክንያት አይሰጥም።

ልዩነትን ሁሉ በቧንቧ አቀማመጥ ማስረዳትም ስህተት ነው፤ ይህን በደንብ የምታውቅ አገር የእኛ ናት። በደጋና በወይና ደጋ፣ ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚይዘው ዝሆኔ፣ በሳይንሱ ስም ፖዶኮኒዮሲስ፣ የሊምፍ በሽታ ነው። በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የአፈሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው በብሽሽት ሊምፍ ኖዶች እንደሚገኙ አሳይቷል። ነገር ግን አንድ ማሳ ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ያብጣል፣ ሌላው አያብጥም። በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባወጡት ጥናት ተጋላጭነቱ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ ዘረ መሎች ጋር እንደሚያያዝ ገለጹ። እዚህ የሚለያየው የሥሩ አቀማመጥ ሳይሆን ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ታማሚው እርግማን ደረሰበት ተብሎ ከጋብቻና ከማኅበር መራቁ ግን ክንዷ ካበጠው ሴት ወቀሳ ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ተፈጥሮ ያመጣው ልዩነት እንደ ሰውየው ጥፋት ይቆጠራል። ዝሆኔን መከላከል ደግሞ ማን ተጋላጭ እንደሆነ ማወቅ አይጠይቅም፤ ሁሉም ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ይበቃል። ልክ ሥጋውን ሁሉ አንድ ላይ እንደሚያስረው ሐኪም፣ ልዩነቱን ሳያዩ ለሁሉም የሚሠራ መፍትሔ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ጋማ ካሜራ፣ አንጸባራቂ ቀለምና ልዩ ካሜራ በየክልሉ ሆስፒታል የሉም። የሞርተን ሥራ ግን የተጀመረው በመርፌና በሰማያዊ ቀለም መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሜቲሊን ብሉ ዛሬም ርካሽ ነው፣ የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅና ኖዱን የሚመረምር ፓቶሎጂስት ነው። የወይራ ዘይትም ውድ አይደለም። ከዚህም በታች ወጪ የማይጠይቅ ነገር አለ። የደረት ቱቦ ሥዕሎች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን አስከሬኖች ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች በየዓመቱ አስከሬን ይከፍታሉ፤ የቱቦው መነሻ፣ የተሻገረበት አከርካሪ፣ የቅርንጫፎቹ ብዛትና የፈሰሰበት ጎን በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ቢሞላ በጥቂት ዓመታት የራሳችን መረጃ ይኖረናል። ቀዶ ሐኪሙም በታማሚው ካርድ ላይ «ቱቦው ታሰረ» ብሎ ከማለፍ የት፣ ስንት ሆኖ፣ በየትኛው ጎን እንዳገኘው ቢጽፍ፣ ያ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ሐኪም አንገቱ ሲከፈት የሚነበብ ይሆናል።